የመጠባበቂያው መልስ

«ሴትዮዋ አምስት ጊዜ ተሳስታለች። መዝገቡ ላይ ያለው ይኸው ነው። ሰክራ ይሁን ሆን ብላ፣ እሱን እናንተ አጣሩት፤ የኛ ሲስተም እንደሆነ አንዲት ደቂቃ እንኳ አልተቋረጠም» ሲል ሰማችው። የእህቷ ባል ሸሚዙን ሳይቆልፍ ሳሎን ውስጥ እየተንጎራደደ በስልክ ያወራል። ሚጡ ኮሪደሩ ላይ ቀሚሷን እየተኮሰች ነበር፤ ካውያውን አነሳችና ሳታስቀምጠው ቆመች። የዚህ ቤት ግድግዳ ስስ ነው፤ ልጆቹ በካልሲ ሲጣሉ፣ ጎረቤት በር ሲዘጋ፣ ሁሉም ይሰማል። እህቷ ኩሽና ውስጥ ለልጆቹ ምሳ ዕቃ ዳቦ ትቀባለች። እሷም ሰምታለች፤ ቢላዋው ቆም ብሎ ነበር፣ ከዚያ ቀጠለ። ሚጡ በበሩ አሻግራ አየቻት። እህቷ ቀና ሳትል «ሻይሽ እየቀዘቀዘ ነው» አለቻት።

ሚጡ የቤት ስሟ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ቢሞላትም በዚህ ቤት በሌላ ስም የሚጠራት የለም። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣች «ሥራ እስክታገኚ» ተብላ እህቷ ዘንድ ገባች፤ ሥራውንም የእህቷ ባል በራሱ ድርጅት ሰጣት፤ ይኸው ዘጠኝ ዓመት ከልጆቹ ክፍል ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ትኖራለች። ኪራይ ተጠይቃ አታውቅም። ሳትጠየቅ ግን ትከፍላለች፤ እሑድ ልጆቹን ትይዛለች፣ ከራት በኋላ ሳህን ታጥባለች፣ ጋሼ ሲናገር አትመልስም። ጋሼ ነው የምትለው፤ በአሥራ አራት ዓመት ይበልጣታል። ድርጅቱ የመግቢያ ፕሮግራም ይሠራል። ሠራተኛ ኮምፒውተሩን፣ ወይም፣ ደንበኞቹ በሆኑት ሦስት ሆስፒታሎች እንደሚደረገው፣ የመድኃኒት ቁም ሳጥኑን ለመክፈት ስሙንና ፓስወርዱን ያስገባል፤ ፕሮግራሙ ሰርቨሩን «ይህ ሰው እውነት ራሱ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሰርቨሩ «አዎ» ካለ ይከፈታል። የሚጠይቀውን ክፍል የሠራችው ሚጡ ናት።

ጠዋት ጠዋት በእሱ መኪና ነው አብረው የሚሄዱት። ልጆቹን ትምህርት ቤት በር ላይ ያወርዷቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሃያ ደቂቃ ሬዲዮ ይሞላዋል። ዛሬ ሬዲዮውን ቀነሰው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ከደንበኞቻቸው በአንዱ ሆስፒታል፣ ማዋለጃ ክፍል፣ አንዲት ሲስተር የመድኃኒት ቁም ሳጥኑን ልትከፍት ሞክራ አምስት ጊዜ ፓስወርድ መሳሳቷን፣ ቁም ሳጥኑ በራሱ ጊዜ መቆለፉን፣ እሷም የእሳት ማጥፊያውን ሲሊንደር አንስታ መስተዋቱን መሰባበሯን፣ ኋላ ሲቆጠር ሦስት ብልቃጥ ማደንዘዣ መጉደሉን ነገራት። «ደም የሚፈሳት ወላድ ነበረች ይላሉ፤ ድናለች» ሲል እንደ ዋዛ ጨመረበት። ሆስፒታሉ የጠረጠረው ሲስተሯ ሆን ብላ እየተሳሳተች ቁም ሳጥኑን አስቆልፋ፣ በዚያ ሰበብ ሰብራ ማደንዘዣውን ወስዳለች ብሎ ነው። ዛሬ ከቀኑ ስምንት ሰዓት የዲሲፕሊን ኮሚቴ ይቀመጣል። ከድርጅቱ የሚፈልጉት አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው፤ ሲስተሙ በትክክል ይሠራ እንደነበር የሚገልጽ፣ ባለሙያ የፈረመበት። «የሠራሽው አንቺ ነሽ፣ የምትፈርሚውም አንቺ ነሽ። ይዘሽላቸው ትሄጃለሽ» አላት። ሚጡ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ ጠየቀችው። አሥር ሰዓት ገደማ አለ። እሑድ አሥር ሰዓት ገደማ የሰርቨር ክፍሉ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ ለአርባ ደቂቃ አልነሳም ብሎ እንደነበር ሁለቱም ያውቃሉ። ሁለቱም አላነሱትም። ሬዲዮውን መልሶ ከፍ አደረገው።

ቢሮው ከጫማ መሸጫ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ስድስት ጠረጴዛ፣ አንድ የውሃ ማሽን፣ ጋሼ ለእንግዳ ሲል የገዛው አንድ ቆዳ ሶፋ። ሚጡ ቦርሳዋን ሳታወርድ ኮምፒውተሯን ከፈተች። ይህን ጠያቂ ክፍል ስትሠራ ሁለት ወር ሙሉ ሌላ ነገር አላሰበችም ነበር። ዋናው ሰርቨር ሦስት ሰከንድ ዝም ካለ እንደገና ይጠየቃል፤ ሦስት ጊዜ ዝም ካለ ጠያቂው ፊቱን ወደ መጠባበቂያው ሰርቨር ያዞራል። ዝምታና እምቢታን ለይታለች፤ ዋናው «አይ» ካለ ነገሩ አለቀ፣ እምቢ የተባለ ሰው መጠባበቂያው ጋ ሄዶ ዕድሉን መሞከር አይችልም። ጠያቂው መጠባበቂያው ላይ ሳለም በየደቂቃው ዋናውን ያንኳኳል፤ መልስ ሲያገኝ ይመለሳል። ከሁሉ የኮራችበት ግን ይህ ሁሉ ሲሆን ስክሪኑ ፊት ያለው ሰው ምንም አለማወቁ ነበር። ጋሼ ፕሮግራሙን ለደንበኛ ሲያስተዋውቅ «ሰርቨራችን ቢሞት እንኳ መርዶ አይደርሳችሁም» እያለ ያስቃል። እሷም ከኋላ ተቀምጣ አብራ ትስቅ ነበር።

መጠባበቂያው ከተማው ሌላ ጫፍ ባለ የኪራይ ክፍል ነው የተቀመጠው። መዝገቡን ለማየት አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም። መጠባበቂያው የሚያውቃቸው ሰዎች ዝርዝር ለመጨረሻ ጊዜ ከዋናው የተገለበጠው ከአራት ወር በፊት ነው። ያኔ ጋሼ ሁለቱን ሰርቨሮች የሚያገናኘው መስመር በወር ሰባት ሺህ ይበላል ብሎ አስቋርጦት ነበር። ሚጡ «እንዲህ ከሆነ መጠባበቂያው ያረጃል» ብላ አንድ መልእክት ጽፋለታለች፤ እሱም «ኮንትራቱ ሲታደስ እንመልሰዋለን» ብሎ መልሷል፤ እሷም እሺ ብላ ሌላ ሥራ ያዘች፣ ረሳችው። ፕሮግራሙ ደግሞ ሰውን ሁሉ በየሦስት ወሩ ፓስወርድ ያስቀይራል። ስለዚህ በዚህ አራት ወር ያልቀየረ የለም፤ መጠባበቂያው ዘንድ ግን ሁሉም የሚታወቀው በድሮው ነው። እሑድ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ከሦስት ሆስፒታሎች ስልሳ ሦስት ጊዜ «የተሳሳተ» የሚል መልስ ወጥቷል። ስልሳ ሦስት ጊዜ! ሰው ትክክለኛ ፓስወርዱን ጽፎ ተሳስተሃል ተብሏል፤ አንድም ሰው ደውሎ አልጠየቀም። ሁሉም ራሱን ነው የጠረጠረው። ጥቂት ቆይቶ ዋናው ሲነሳ ተከፈተላቸው፤ «እጄ ነው» ብለው አለፉት። የሲስተሯን አምስት መስመሮች ለብቻ አወጣቻቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተከታትለው የመጡ ናቸው። ሦስተኛው ዘግይቷል፤ ፊደሉን በአንድ ጣት እየለቀመ የሚጽፍ ሰው እንደሚዘገየው። በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል ሃያ ሁለት ሰከንድ አለ። ሚጡ ያን ሃያ ሁለት ሰከንድ እያየች ብዙ ቆየች። ሴትዮዋ በዚያ መሃል ወደ አልጋው ዞር ብላ እንዳየች እርግጠኛ ነበረች።

መዝገቡን አትማ ጋሼ ክፍል ገባች። ደብዳቤው ተዘጋጅቶ፣ ማኅተም አርፎበት፣ ከስሟ በላይ ያለው ቦታ ብቻ ቀርቶ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ያየችውን አንድ በአንድ ነገረችው። አላቋረጣትም፤ እስክትጨርስ ድረስ መነጽሩን በከረባቱ ጫፍ ሲወለውል ቆየ። ከዚያ ወረቀቱን አዙሮ ፊቷ አደረገው።

«የቱ ቃል ነው ውሸት? አሳዪኝ። ‹ያለማቋረጥ አገልግሎት ሰጥቷል› ይላል። መጠባበቂያው መልሷል፣ አልመለሰም?»

«መልሷል።»

«‹የተሳሳተ የይለፍ ቃል አምስት ጊዜ ገብቷል› ይላል። መዝገቡ እንዲህ አይልም?»

«መዝገቡ ይላል። ሴትዮዋ ግን አልተሳሳተችም፤ የተሳሳትነው እኛ ነን» አለችው።

ጋሼ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። እንደ አባት እያስረዳት ይህ ነገር ከታወቀ ሦስቱም ሆስፒታሎች ኮንትራቱን እንደሚያፈርሱ፣ ከዚያ ስድስት ሠራተኛ ቤቱ እንደሚገባ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት ከየት እንደሚከፈል ራሷ እንድታስበው ነገራት። መስመሩን ነገ ጠዋት እንደሚያስቀጥለው፣ ለሴትዮዋም ቢሆን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው እንደሚተዋት፣ ሲስተር የትም ሥራ እንደማታጣ ጨመረበት። ሲስተሮች ሲያልፉ ሲያገድሙ ፓስወርድ ይሳሳታሉ፣ ለዚህች አንዲት ሲባል ቤት አይፈርስም አለ። «ቤት» ሲል የቱን ቤት እንደሆነ አልለየውም፤ ሚጡ ግን ገባት። እስክሪብቶውን ክዳኑን ከፍቶ ዘረጋላት። ተቀበለችው። ከዚያ ደብዳቤውንም ካተመችው መዝገብ ጋር አንስታ «አንብቤው እፈርማለሁ» ብላ ወጣች። ጠረጴዛዋ ጋ አልቆመችም፤ ደረጃውን ወረደች።

መንገድ ላይ ስልኳ ጠራ። እህቷ ናት። የእህቷ ድምፅ ሁልጊዜ ዝግ ያለ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ከልብስ ማጠቢያው ጩኸት ጋር ተቀላቅሎ ጭራሽ የማይሰማ ሆኗል። ጋሼ እንደደወለላት፣ ሚጡ ሳትፈርም እንደወጣች እንደነገራት፣ ምንም እንዳታስቀይመው አደራ እንደምትላት ተናገረች። ሚጡ በእግረኛ መንገዱ መሃል ቆማ «እታለም፣ ጠዋት ሰምተሽዋል አይደል?» አለቻት። ማሽኑ ሲሽከረከር ይሰማታል። እህቷ «ማታ ልጆቹን ማን ነው የሚያመጣቸው?» ብላ ጠየቀች። ሚጡ ስልኩን ዘጋችው። ዘጠኝ ዓመት በዚያች ክፍል ስትኖር የእህቷን ዝምታ ለእሷ የተሰጠ ጥላ አድርጋ ነበር የምታየው። አሁን በጠራራ ፀሐይ ስትቆም ከማንም እንዳላስጠለላት ታወቃት፤ በንዴት ወደ ሆስፒታሉ መራመድ ጀመረች።

ሆስፒታሉ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከኮሚቴው ክፍል ፊት ለፊት አንድ የእንጨት አግዳሚ አለ። አንዲት ሃምሳ ዓመት የተጠጋች ሴት ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ ተቀምጣለች። ከሥራ ታግዳለችና ጋውን አልለበሰችም፤ ጫማዋ ግን የሲስተር ጫማ ነው፣ ነጭ፣ ተረከዙ የተበላ። ግራ እጇ በፋሻ ተጠቅልሏል። ሚጡ ማን እንደሆነች ወዲያው ገባት። ሴትዮዋ ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠቻት፤ የምትፈልገው ሕፃናት ክፍሉን ከሆነ በዚያ በኩል እንደሆነ አመለከተቻት። ሚጡ እዚሁ ጉዳይ አለኝ ብቻ አለች። ሲስተሯ ሦስት ቀን ሙሉ የሚያናግራት እንዳጣ ሰው ነበረች፤ ሳትጠየቅ ጀመረችው። ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። እሑድ ዶክተሩ ቀዶ ጥገና ክፍል ገብቷል፣ ወላዷ ደሟ አልቆም ብሏል፣ ደም የሚያቆመው መርፌ ከመስተዋቱ ወዲያ ይታያታል። የጎደሉት የማደንዘዣ ብልቃጦች መስተዋቱ ሲሰበር ነው የፈሰሱት፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ስባሪውን ጠርጋ ጥላዋለች፣ መስክራለችም፣ የሚሰማት ጠፋ እንጂ። እሱ ሁሉ ግን አላንገበገባትም።

«እናቴ በመርሳት በሽታ ነው የሞተችብኝ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «መጀመሪያ ቁልፍ ነው የረሳችው፣ ከዚያ የጎረቤት ስም፣ መጨረሻ ላይ እኔን ‹ሲስተር› ማለት ጀመረች። እሑድ ጣቴ ትክክል ነው እያለኝ ያ ስክሪን ተሳስተሻል፣ ተሳስተሻል ሲለኝ ጊዜ፣ ደረሰብኝ ነው ያልኩት። በእኔም ደረሰ።»

ከቦርሳዋ የልጅ ደብተር አወጣች። ከእሑድ ጀምሮ ጠዋት ስትነሳና ከመተኛቷ በፊት አርባ አርባ ጊዜ ፓስወርዷን ትጽፍበታለች፤ አንድ ቀን አንዱ ፊደል ተለውጦ አገኘው እንደሆነ ብላ። ገጾቹን ፈጠን ፈጠን አድርጋ ገለጠችላትና ወዲያው ከደነችው። «ብቻ እንዳታነቢው፤ ፓስወርድ ነው» ብላ ሳቀች። አሁን ነው መናገር ያለባት፤ አግዳሚው ላይ፣ ኮሚቴው ሳይጠራት፣ እንደ ሰው። አፏ እምቢ አለ። ከጋሼ ይልቅ ራሷን ጠላች፤ እሱ የቆረጠው መስመር ነው፣ ስክሪኑን ዝም ያሰኘችው ግን እሷ ናት። የኮሚቴው ፀሐፊ በሩን ከፍታ ሁለቱንም ጠራቻቸው። ሲስተሯ ከመቀመጫዋ ስትነሳ «አንቺም ወደዚህ ነሽ?» ብላ በመገረም አየቻት።

ረጅም ጠረጴዛ፣ አምስት ሰው፣ አምስት የታሸገ ውሃ። ሰብሳቢው የአስተዳደሩ ኃላፊ ናቸው፤ በስተቀኛቸው የነርሶች ኃላፊ የሆነችው ሜትሮን፣ በስተግራቸው የሆስፒታሉ የኮምፒውተር ባለሙያ ተቀምጠዋል። ለሲስተሯ ከጠረጴዛው ራቅ ብሎ አንድ ወንበር ተደርጎላታል። ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አይተው ጉዳዩ ረጅም እንዳልሆነ፣ የቀረው የድርጅቱ ደብዳቤ ብቻ እንደሆነ ተናገሩና እጃቸውን ወደ ሚጡ ዘረጉ። ሚጡ ደብዳቤውን ሰጠቻቸው። አገላብጠው «አልተፈረመም» አሉ።

«አልፈርምበትም፤ እውነት አይደለም» አለች።

ሰብሳቢው ከድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ጋር ጠዋት ራሳቸው እንዳወሩ፣ ይህ ምን ማለት እንደሆነ እንዳልገባቸው ተናገሩ። ሚጡ በቃል ብታስረዳ እንደሚያዞርባቸው አውቃ፣ ጥግ ላይ ያለውን ኮምፒውተር ለአምስት ደቂቃ እንዲፈቅዱላት ለመነች። ሰብሳቢው ሊከለክሉ ሲሉ ሜትሮኗ «ታሳየን እንጂ» አለች። የኮምፒውተር ባለሙያው ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ፤ ሚጡ ወደ ዋናው ሰርቨር የሚወስደውን መንገድ ከዚያ ኮምፒውተር ላይ እንዲዘጋው ነገረችው፤ ዘጋው። ከዚያ ሲስተሯን ጠርታ በስሟና በፓስወርዷ እንድትገባ ጠየቀቻት። ሲስተሯ መነጽሯን አደረገች። በጤናማ እጇ፣ በአንድ ጣት፣ ፊደል በፊደል ጻፈች። ቁልፉን ተጫነች። ጥቂት ሰከንድ አለፈ፤ «ያስገቡት የይለፍ ቃል የተሳሳተ ነው» የሚል ቀይ ጽሑፍ ወጣ። ሲስተሯ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አንስታ ደረቷ ላይ አደረገች።

«አሁን ደግሞ ከዚህ በፊት የነበረውን ይጻፉ። ሲስተሙ ከማስቀየሩ በፊት የነበረውን፤ ያስታውሱታል?» አለቻት ሚጡ።

«አስታውሳለሁ ወይ? የዛሬ ዓመቱንም ልንገርሽ» አለች ሲስተሯ፤ ጻፈችው። ስክሪኑ ተከፈተ። «እንኳን ደህና መጡ» አላት፣ ከነሙሉ ስሟ።

ሚጡ ነገሩን እዚያው ቆማ አስረዳች። ዋናው ሰርቨር እሑድ አርባ ደቂቃ እንደወደቀ፣ ለሲስተሯ የመለሰላት መጠባበቂያው እንደሆነ፣ እሱም ከአራት ወር በፊት የነበረውን ብቻ እንደሚያውቅ፣ በዚያው ሰዓት ከዚህ ሆስፒታል ብቻ ሌሎች አሥራ ስምንት «የተሳሳተ» የሚሉ መልሶች እንደወጡ ነገረቻቸው፤ የታተመውን መዝገብ ፊታቸው ዘረጋችው። የኮምፒውተር ባለሙያው ጣቱን በመስመሮቹ ላይ እየነዳ አነበበና ለሰብሳቢው ራሱን ነቀነቀላቸው። ከዚያ ቀና ሳይል፣ ከአሥራ ስምንቱ አንዱ የእሱ እንደሆነ ተናገረ፤ እሑድ ተረኛ ሳለ አንዴ እምቢ ብሎት ጣቴ ነው ብሎ ትቶት እንደነበር። ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠራርገው እንግዲያው ነገሩ የቴክኒክ አለመግባባት ስለሆነ ሲስተሯ ሰኞ ሥራዋን ብትጀምር ቅሬታ እንደሌላቸው ተናገሩና ወረቀታቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። ሲስተሯ አልተነሳችም።

«አለመግባባት አይደለም» አለች። «ሌባ ተብያለሁ። በዚህ ኮሪደር የማውቃቸው ልጆች ዓይናቸውን ሰብረውብኝ አልፈዋል። ቃለ ጉባኤው ላይ ‹አልተሳሳተችም፣ አልሰረቀችም› ተብሎ ካልተጻፈ ከዚህ ወንበር አልነሳም።»

ሰብሳቢው በኋላ ይደርሳል አሉ። አልተነሳችም። ሌላ ስብሰባ እንዳለባቸው ነገሯት። አልተነሳችም። ሜትሮኗ እስክሪብቶዋን አውጥታ ቃለ ጉባኤውን ወደ ራሷ ሳበችና ሁለቱን ቃላት በእጇ ጻፈች፤ ፈርማ ወደ ቀጣዩ ሰው ገፋችው። አምስቱም ፈረሙ፤ ሰብሳቢው መጨረሻ ላይ፣ ወረቀቱን ሊበሱት እስኪመስል እስክሪብቶውን ተጭነው።

ኮሪደሩ ላይ ሚጡ ምስጋና አልጠበቀችም፤ አላገኘችምም። ሲስተሯ ደብተሩን ይዛ ፊቷ ቆመች። «እሑድ አጠገቤ ቆመሽ ቢሆን ምን ትይኝ ነበር?» ብላ ጠየቀቻት።

«ሰርቨሩ ተቀይሯል፣ የድሮውን ይሞክሩ እልዎት ነበር።»

«ሦስት አራት ቃል ናት። ታዲያ ስክሪኑ ለምን አላለኝም?»

«ሰው እንዳያውቅ ተደርጎ ስለተሠራ» አለች ሚጡ፤ ከዚያ አረመችው። «እንዳያውቅ አድርጌ የሠራሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ሲስተሯ በፋሻ የታሰረ እጇን በሌላው እጇ ደገፈች። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። የጠየቀችው ሌላ ነበር፤ ይህ ነገር ሌላም ቦታ እንዳለ። ሚጡ ሁለት ሆስፒታል እንደሚቀር ነገረቻት። «እነሱስ ያውቃሉ?» አለች ሲስተሯ። አያውቁም። «እንግዲያው እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አለቻትና ወደ ማዋለጃ ክፍሉ አቅጣጫ ሄደች።

ሚጡ ከሆስፒታሉ እንደወጣች የደንበኞችን ስልክ ለማግኘት የቢሮውን ሲስተም በስልኳ ሞከረች፤ ስሟ ከዝርዝሩ ተነስቷል። ቢሮ ስትመለስ በሩ ላይ ያለው ልጅ ጋሼ እንዳትገባ ማዘዙን ዓይኗን ሳያይ ነገራት። ወደ ሁለተኛው ሆስፒታል በእግሯ ሄዳ በር ላይ ደረሰች፤ የምትጠይቀውን ሰው ስም ስላላወቀች ዘበኛው መለሳት፤ ሦስተኛው ከከተማው ውጭ ነው። ልጆቹን ከትምህርት ቤት አውጥታ ወደ ቤት ወሰደቻቸው። ቦርሳቸውን ተሸክማ ስትገባ ጋሼ ምግብ ጠረጴዛው ራስ ላይ፣ ጃኬቱን ሳያወልቅ ተቀምጧል። ልጆቹን ክፍላችሁ ግቡ አላቸው።

አልጮኸም። ሆስፒታሉ ኮንትራቱን ማቋረጡን ጠበቃቸው ደውሎ እንደነገረው ተናገረ። ያበላትን፣ ሥራ ያስተማራትን፣ የሰጣትን ክፍል ቆጠረላት፤ ለማንም ያላደረገውን እንዳደረገላት፣ እሷ ግን ለማታውቃት ሴት ብላ የእህቷን ልጆች ዳቦ እንደቀማች። ስለ ክፍሉ ከእህትሽ ጋር ተነጋገሪ፣ እኔ ከእንግዲህ የለሁበትም አለ። እህቷ ጀርባዋን ሰጥታ ዕቃ ታጥባለች፤ ውሃው ይወርዳል። ሚጡ ከክፍሉ ነገ እንደምትወጣ፣ አሁን ግን የሁለቱን ሆስፒታሎች የተረኛ ስልክ እንዲሰጣት ጠየቀችው። መብራት ዛሬም ሊጠፋ ይችላል፤ እዚያም ወላድ አለ።

«የድርጅቱ ንብረት ነው» አለ ጋሼ። «ከዚህ ቤት ለማንም አይደወልም። ነገ መስመሩን እቀጥላለሁ ብያለሁ፣ አለቀ።»

«አራት ወር ሙሉም እቀጥላለሁ ስትል ነበር» አለችው። እንዲህ መልሳለት አታውቅም ነበር። «አንተ የቆረጥከው ሰባት ሺህ ነው፤ ሴትዮዋ በዚያ የተነሳ አበድኩ ብላ ሦስት ቀን ደብተር ላይ ስትጽፍ ከረመች። ሌላዋ ደሟ ፈሶ ልትሞት ነበር። የልጆቹን ዳቦ በዚህ ነው የምንገዛው? ንገረኛ!»

ጋሼ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። ኩሽና ውስጥ ውሃው ተዘጋ። እህቷ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። ሁለተኛ ልጇን እስክትወልድ ድረስ ስድስት ዓመት የድርጅቱ ፀሐፊ የነበረች፣ የእያንዳንዱን ደንበኛ ስልክ ያነሳችም የደወለችም እሷ ናት። ባሏን አላየችውም። ዓይኗ ቀልቷል፤ ከማልቀስ ይሁን ከንዴት አይለይም።

«ጻፊ» አለቻት ለእህቷ። ቁጥሩን በቃሏ፣ ሁለት ሁለት አሃዝ እያደረገች፣ ቀስ ብላ ነገረቻት።

«አንቺ!» አለ ጋሼ።

«ይኼ የተረኛ ነርሶች ነው፤ ማታም ያነሳሉ» አለች እህቷ፤ ድምፅዋ እንደ ልማዷ ዝግ ያለ አልነበረም። «ሁለተኛውን ደግሞ ጻፊ።»

ሚጡ ጻፈችና ደወለች። በሦስተኛው ጥሪ አንዲት ሴት አነሳች።